ሠላሳ እስትንፋስ

በቅሎዋ ቁልቁለቱን ስትወርድ በኮርቻዋ ላይ የታሰረው ሣጥን ወደ ግራ አዘነበለ። ጠባቂው በመዳፉ ደገፈው። ከንጋት ጀምሮ ሲደግፈው ሰባተኛ ጊዜው ነው። ሣጥኑ ሦስት ጎኑ ጣውላ፣ አራተኛው መስተዋት ሲሆን ከመስተዋቱ በስተጀርባ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ነበልባል ትታያለች።

«አሁንስ?» አለ አሥር አለቃው ከፊት ሆኖ፣ ሳይዞር።

«አለ» አለ ጠባቂው።

ጠዋቱን ሙሉ በሁለቱ መካከል የተደረገው ንግግር ይኸው ነበር። ከኋላ የምትከተለው የጠባቂው እህት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ በባዶ እጇ ትራመዳለች።

ወደ ከተማ የሚወስዱት እሳት ከአንድ የዓለት ስንጥቅ ያለ እንጨትና ያለ ዘይት ሲነድ የኖረ ነው። ማን እንደ ለኮሰው የሚያውቅ የለም። የጠባቂው አያት ጠብቆታል፣ አባቱ ጠብቆታል፣ እሱም አርባ አንድ ዓመት ጠብቆታል። ሰዎች ከሩቅ እየመጡ በፊቱ ይጸልያሉ፤ ስለት ይሳላሉ፤ ይሄዳሉ። ከላዩ ጣሪያው ክፍት የሆነ ክብ ቤት ተሠርቶለታል። የቤቱ ሕግ አጭር ነው። እሳቱ ሥራ አይሠራም፤ ድስት አይጣድበትም፣ ፒፓ አይለኮስበትም። እሳቱ አንድ ነው፤ ሁለት ቦታ አይነድም። ጠባቂውም ስለ እሳቱ አይዋሽም።

ከታችኛው መንደር ሴቶች የምድጃቸው እሳት ሲጠፋ ገል ይዘው ይመጡ ነበር። ጠባቂው በሩ ላይ ቆሞ «ይህ እሳት ሥራ አይሠራም» ይላቸዋል። ሌላ ቃል አይጨምርም። እነሱም ተመልሰው ወንዝ ተሻግረው ከሌላ መንደር ይጭራሉ። ጠባቂው እንደዚያ ይመስለው ነበር።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ጦርነት ነበር። በድልድዩ ላይ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው ሞተ። አሁን ለሟቾቹ በከተማው አደባባይ የመታሰቢያ ድንጋይ ቆሟል። ድንጋዩ የተፈለጠው ከዚያው ከእሳቱ ተራራ፣ ከክቡ ቤት ተጣርተው በሚሰማሙበት ርቀት ላይ ነው። በድማሚት ነበር የሚፈልጡት። በሁለተኛው ሳምንት ነበልባሉ ዝቅ አለ። በአራተኛው ሳምንት የባቄላ ፍሬ አከለ። መሐንዲሱ መጥቶ በስንጥቁ ላይ አጎንብሶ አሸተተና፣ ከታች የሚመጣው ትንፋሽ መንገዱ ተዘግቷል አለ። ይቅርታም ጠየቀ። ጠባቂው እሳቱን ወደ ፋኖስ አዛወረው። በማግስቱ እጁን ዓለቱ ላይ ሲያሳርፍ ዓለቱ ቀዝቅዞ ነበር።

ስለዚህ በሣጥኑ ውስጥ ያለው ብቻ ቀርቷል። የመታሰቢያውን ሥራ የሚመራው ሻለቃ የላከው ደብዳቤ እንዲህ ይላል፤ እሳቱ በሕይወት ይምጣ፣ በመታሰቢያው ድንጋይ ላይ በተሠራው የነሐስ ገበታ ላይ ይለኮስ፣ ጠባቂውም እዚያው በጥበቃ ቤቱ ይኑር። አሥር አለቃው ደረት ኪስ ውስጥ አንድ ወረቀት አለ። ሲደርሱ ጠባቂው ይፈርምበታል። «ከዓለቱ ወጥቶ እዚህ እስኪደርስ አልጠፋም» ይላል። ጄኔራሉ ለምረቃው ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ይገኛሉ።

የጠባቂው እህት የምትፈልገው አንድ ነገር ነው። አንድ ልጅ ነበራት፤ በድልድዩ ላይ ሞተ፤ አጥንቱ አልተገኘም። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ከወንድሟ ጋር በክቡ ቤት ኖራለች፤ ልጇ ዘምቶ ሳለ በየማለዳው በእሳቱ ፊት ስሙን እየጠራች ጸልያለች። አሁን ያ እሳት በስሙ ላይ እንዲነድ ትፈልጋለች። ለወንድሟ የነገረችው አንዴ ነው። ሁለተኛ አልደገመችም።

በሁለት ሰዓት ታችኛውን መንደር አለፉ። ሴቶች በየበራቸው ቆመው ነበር። ጠባቂው ሰው የሚያይበትን ቦታ የማየት ልማድ አለው፤ ሴቶቹ ሣጥኑን አላዩም፣ እህቱን ነበር ያዩት። ቀኝ እጇ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ ያለባት አንዷ ወጥታ እህቱን ሳመቻት።

«ምድጃችን አይርሳሽ» አለቻት።

ጠባቂው ሰማ።

ከመንደሩ ሲወጡ ሜዳው ጀመረ። አሥር አለቃው ሜዳ ሲያይ ወሬ አማረው።

«ሙሽራ እንኳ እንዲህ ተጠንቅቀው አይሸኟት» አለ ሣጥኑን እያየ።

«አንተ ደግሞ ሙሽራ የት ታውቃለህ?» አለች እህቱ። «ይህን አፍህን ይዘህ ማን ልጁን ይሰጥሃል?»

«እማማ፣ ደመወዜን እንጂ አፌን አያዩም።»

«ደመወዝህንማ አይተው ነው እስካሁን ያልሰጡህ።»

አሥር አለቃው ሳቀ። ጠባቂው አልሳቀም፤ የዘይቱን መጠን እያየ ነበር።

በአራት ሰዓት ላይ ዘይቱ ሊያልቅ ጣት የማይሞላ ሲቀረው፣ ጠባቂው በቅሎዋን ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ከለላ አቆማት። በክቡ ቤት ሳሉ ዘይት የሚጨምቁት ራሳቸው ነበሩ። ለመንገዱ ግን የሻለቃው ትእዛዝ የጦሩ ፋኖስና የጦሩ ነጭ ጋዝ ነበር። አሥር አለቃው ከግምጃ ቤት ያወጣውን ጣሳ ከፍቶ አዲሱን ፋኖስ ሞላ። ጣሳው ክረምቱን በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ቆይቶ ነበር፤ ይህን የግምጃ ቤቱ ሹም ያውቃል፣ አሥር አለቃው አያውቅም።

ጠባቂው ሣጥኑን ከፈተ። ከአሮጌው ፋኖስ በጭራሮ ወስዶ አዲሱን ለኮሰ። ክሩ በደንብ ያዘ። ነበልባሉ ከዘይቱ ነበልባል ይልቅ ነጭና ረጅም ነበር።

ከዚያ በአባቱና በአያቱ ወግ መቁጠር ጀመረ። እሳቱ አንድ ስለ ሆነ ሁለት መብራት አብሮ አይነድም። ነገር ግን አዲሱ ሳይረጋ አሮጌው አይጠፋም። ስለዚህ ሠላሳ እስትንፋስ ይቆጠራል። ሠላሳ እስትንፋስ የኖረ ክር ሌሊቱን ይኖራል ይላሉ፤ በዘይት እውነት ነው። ጠባቂው አርባ አንድ ዓመት ሲቆጥር አንድም ቀን ሐሰት ሆኖበት አያውቅም።

«ሠላሳ» አለና አሮጌውን በሁለት ጣቱ ቆነጠጠው።

ነጭ ጋዝ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ውሃ ከታች ይቀመጣል። ክሩ የጠጣውን ጋዝ ጨርሶ ከሥሩ ያለውን ውሃ እስኪስብ ከሠላሳ እስትንፋስ ጥቂት በለጠ። ጠባቂው ሣጥኑን ሊዘጋ እጁን ሲዘረጋ ፋኖሱ ተንጣጣ፤ እንደ ሰው ሁለቴ አሳለ፤ ጠፋ።

ጠባቂው ወደ አሮጌው ዞረ። የክሩ ጫፍ ጥቁር ነበር። በጣቶቹ መካከል ሙቀቱ ገና አለ። አጎንብሶ ነፋበት። ደጋግሞ ነፋበት። ከዚያ ቀና አለ።

በቅሎዋ ሣር ትግጣለች።

አሥር አለቃው ከኪሱ የክብሪት ሣጥን አወጣና መዳፉ ላይ አስቀመጠው። «አባቴ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያየነው እኔ፣ እርስዎ፣ እማማና በቅሎዋ ነን። በቅሎዋ አትናገርም።»

«እኔ እናገራለሁ» አለ ጠባቂው።

«ለማን ይጠቅማል? ሕዝቡ ቆሞ ይጠብቃል። ጄኔራሉ ይመጣሉ። እኔን ደግሞ ያስሩኛል። ጋዙን የሞላሁት እኔ ነኝ።»

«የቆነጠጥኩት እኔ ነኝ። እንደዚያ ብዬ እነግራቸዋለሁ።»

«ከዚያስ? እርስዎ የት ይገባሉ? የዓለቱ እሳት ጠፍቷል፤ የከተማውንም ቤት ይከለክሉዎታል።»

ጠባቂው ሁለቱንም ፋኖሶች ሣጥኑ ውስጥ ጎን ለጎን አስቀመጠና መስተዋቱን ዘጋ። የሚጠበቅ ነገር እንደሌለው እያወቀ በጨርቁ ወለወለው።

እህቱ እስከዚያ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ነበር። ተነሣች።

«ወንድም ጋሼ» አለች፣ «ብትመታኝ መብትህ ነው።»

«መትቼሽ አውቃለሁ?»

«አታውቅም። ዛሬ ግን ምክንያት ታገኛለህ።» ነጠላዋን ፈታ እንደገና አሰረችው። «አንተ ከበር የምትመልሳቸውን ሴቶች እኔ በጓሮ እሰጣቸው ነበር። ከዓለቱ በጭራሮ እየወሰድኩ፣ በያዙት ገል ላይ ያለውን ከሰል እየለኮስኩ። እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ነው። ሃያ ዓመት ይሆናል።»

ጠባቂው ተመለከታት። ቁጣ ሳይሆን ሒሳብ ነበር ፊቱ ላይ፤ የትኛው ማለዳ፣ እሱ የት ሆኖ ሳለ።

«ታችኛው መንደር?» አለ።

«ግማሹ ምድጃ።»

«እየሠሩበት?»

«እየሠሩበት፣ ወንድም ጋሼ። ምን ያድርጉበት? ይዩት?»

አሥር አለቃው ክብሪቱን ኪሱ መለሰና የበቅሎዋን ልጓም ያዘ። «መንደሩ ደርሶ መልስ አራት ሰዓት ነው» አለ። «አሥር ሰዓት ላይ አንደርስም።» ይህን ሲል ግን በቅሎዋን አዙሯት ነበር።

ስድስት ሰዓት ላይ መንደሩ ደረሱ። እህቱ ወደ ባለ ጠባሳዋ ደጃፍ ወሰደችውና ወደ ጎን ፈቀቅ አለች። መጠየቅ ያለበት እሱ እንደ ሆነ ሳትነግረው ገባው። ባለ ጠባሳዋ ማማሰያ በእጇ ይዛ ወጣች።

«እሳት ልጭር መጥቼ ነው» አለ ጠባቂው።

«ምን አሉ?»

«እሳት ልጭር።»

ሴትዮዋ ማማሰያውን ወደ ሌላው እጇ አዛወረች። «የዛሬ አሥራ ስድስት ዓመት» አለች፣ «ገና ሙሽራ ሆኜ፣ እትዬን ሳላውቃት፣ ደጅዎ መጥቼ ነበር። ምን እንዳሉኝ ያስታውሳሉ?»

«ለሁሉም የምለው አንድ ነው።»

«አዎ፣ አንድ ነው። ወንዝ ተሻግሬ ጭሬ ስመለስ ነፋሱ ፍሙን እጄ ላይ ገለበጠው።» ጠባሳውን አላሳየችውም፤ ሲያየው እንደ ኖረ ታውቃለች። «እንግዲህ የእኔ እሳት ሥራ ላይ ነው። ድስት ጥጄበታለሁ፤ ሽንኩርት ነው የሚያቁላላው። ሥራ የሠራ እሳት ይሆንዎታል?»

«ይሆነኛል።»

«ገልዎስ?»

ጠባቂው እጆቹን አየ። ምንም አልያዘም።

«ባዶ እጁን እሳት ሊጭር የሚመጣ ወንድ ብቻ ነው» አለችና ሳቀች፤ እህቱም ፊቷን አዙራ ሳቀች። ሴትዮዋ ገብታ ጥልቅ የሸክላ ዕቃ አመጣች። ከሥሩ አመድ አነጠፈች፣ ፍም በጉጠት እያነሣች ደረደረች፣ ከሰል ጨመረች፣ ከላይ እንደገና በስሱ አመድ ዳፈነችው። የሠራችው በፍጥነትና ያለ ወግ ነበር።

«ጠፍቶብሽ ያውቃል?» አለ ጠባቂው።

«ሦስቴ። አንዴ ስወልድ፣ አንዴ ጎርፍ ሲገባ፣ አንዴ እንዲሁ ረስቼው። ሲጠፋብኝ ከጎረቤቴ እጭራለሁ። ሲጠፋባት ከእኔ ትጭራለች።»

«በአንድ ቀን የሁላችሁም ቢጠፋስ?»

ሴትዮዋ ጥያቄው አስገረማት። «ሁላችንም በአንድ ቀን አንረሳም» አለች።

ዕቃውን ለእህቱ ሰጠቻት። ለእሱ አልሰጠችውም።

ከዚያ በኋላ በነበረው መንገድ ሣጥኑ ባዶውን በበቅሎዋ ላይ ሄደ። እህቱ የሸክላውን ዕቃ በነጠላዋ አቅፋ ትራመዳለች፤ በየጥቂቱ እየቆመች አመዱን በጭራሮ ገለጥ አድርጋ ታያለች፣ ከሰል ትጨምራለች፣ ትዳፍናለች። እስትንፋስ አልቆጠረችም። አሥር አለቃው ከፊት ሆኖ በልማዱ «አሁንስ?» ሲል የምትመልሰው እሷ ነበረች።

«አለ።»

ከተማው ሲደርሱ አሥራ አንድ ሰዓት አልፎ ነበር። አደባባዩ ባዶ ነው። ወንበሮቹ ተደራርበዋል፤ አንድ ጠራጊ ወረቀትና የተረገጠ አበባ እየጠረገ ነው። ድንጋዩ በመካከል ቆሟል። በነሐሱ ገበታ ላይ ክንድ የሚያህል እሳት ይነድዳል።

ጠባቂው ቆመ።

ሻለቃው ኮፍያውን በብብቱ ይዞ ከጥበቃ ቤቱ ወጣ። ድምፁ ጩኸት የበዛበት ቀን ያሳለፈ ሰው ድምፅ ነው።

«ጄኔራሉ አሥር ሰዓት ላይ መጡ» አለ። «እስከ አሥር ተኩል ቆሙ። ከዚያ ሰዓታቸውን አዩ።»

«በምን ለኮሳችሁት?»

«በክብሪት። በእኔ ክብሪት።» ወደ ገበታው አየ። «እናቶች አለቀሱ። ጄኔራሉ ኮፍያቸውን አወለቁ። እንከን አልነበረውም፣ አባቴ። አሁን ወረቀቱን ይፈርሙልኝና ይረፉ፤ ቤቱ ተጠርጎ ይጠብቅዎታል።»

አሥር አለቃው ወረቀቱን አወጣ። ጠባቂው አልተቀበለውም።

«ከዓለቱ የወጣው በእኔ እጅ አራት ሰዓት ላይ ጠፍቷል» አለ። «ጋዙ ውሃ ነበረው፤ ልጁ አላወቀም። የቆነጠጥኩት እኔ ነኝ።»

ሻለቃው ወደ አሥር አለቃው ዞረ። አሥር አለቃው የኮርቻውን ጠፍር ይመረምራል።

«እህትዎ የያዘችውስ?»

«የመንደር ምድጃ ነው። ዘሩ ከዓለቱ ነው ይላሉ። ሲጠፋባቸው እርስ በርስ ሲጫጫሩ ኖረዋል። እኔ ልምልበት አልችልም።» ወደ ገበታው አመለከተ። «በዚያኛው ላይ ደግሞ ጭራሽ። ያጥፉትና እንነጋገር።»

«ጄኔራል ኮፍያውን ያወለቀለትን እሳት ሻለቃ አያጠፋም» አለ ሻለቃው። «እርስዎም ካልፈረሙ እዚህ ቤት ሊኖሩ አይችሉም። ጠባቂ ተብሎ የሚጻፈው የፈረመው ነው። እኔ አይደለሁም ያወጣሁት፣ ደንብ ነው።»

«ይሁን» አለ ጠባቂው። የመኝታ ጥቅልሉን ከበቅሎዋ ላይ መፍታት ጀመረ። ወዴት እንደሚወስደው አላሰበም።

እህቱ እነሱን አልሰማችም። ማንበብ አትችልም፤ ነገር ግን አሥር አለቃው በመንገድ ላይ ነግሯት ነበር፤ ከግራ አራተኛው ዓምድ፣ በቁመትሽ ልክ። በነጻ እጇ የተቀረጸውን የልጇን ስም ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ዳሰሰችው። ከዚያ ሦስቱን ደረጃ ወጥታ አመዱን ገለጠች፣ የሸክላውን ዕቃ ዘንበል አደረገች፣ ፍሙን ከነከሰሉ ገበታው ላይ ገለበጠችው። እሳቱ ብልጭታ ረጨ፤ ወደ ላይ ተነሣ፤ ረጋ።

«ምን አደረግሽ?» አለ ወንድሟ።

«እሳት ጨመርኩ።»

«የትኛው የትኛው እንደ ሆነ በምን ይለያል?»

«አንድ ነው ትል የለም እንዴ?» አለች። «እንግዲህ አንድ ሆነ።»

ሻለቃው ወደ እሳቱ አየ፤ ከዚያ ወደ ጠባቂው እህት፤ ከዚያ በአሥር አለቃው እጅ ወዳለው ወረቀት። ወረቀቱን ወስዶ «ከዓለቱ ወጥቶ እዚህ እስኪደርስ» የሚለውን በጥንቃቄ በሁለት መስመር ሰረዘው። የቀረው አንድ ቃል ነው። ደረጃውን ወጥቶ ከኪሱ የቀለም ሣጥን አውጥቶ ከፈተላት።

«እናቴ፣ እዚህ ጣትዎን ያሳርፉ።»

«ምን ይላል?»

«አልጠፋም ይላል።»

እህቱ አሰበች። ባለ ጠባሳዋን አሰበች፣ ጎረቤቷን፣ የጎረቤቷን ጎረቤት፤ ጎርፉንና ወሊዱን። አልቸኮለችም።

«እውነት ነው» አለችና አውራ ጣቷን ነክራ አሳረፈች።

እንዲህ ሆኖ ጠባቂዋ እሷ ሆነች። ወንድሟ በጥበቃ ቤቱ እንደ ቤተሰብ ተመዘገበ። ሻለቃው ሲሄድ ወደ እሱ ጠጋ ብሎ «ሰው ሲጠይቅዎት ምን ይላሉ?» አለው።

«የሆነውን።»

«ጄኔራሉ ቢጠይቁስ?»

«የሆነውን።»

«ጄኔራሉ አይጠይቁም» አለ ሻለቃው፤ ኮፍያውን አደረገና ሄደ።

በማግስቱ ማለዳ እህቱ ገና ተኝታ ነበር፤ እግሯ አብጧል። ወንድሟ በልማዱ ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ ገበታውን አየ። አለ። በደረጃው ግርጌ ጠራጊው ቆሟል፤ በአንድ እጁ መጥረጊያ፣ በሌላው አሮጌ የቆርቆሮ ምድጃ አንጠልጥሏል።

«እንደምን አደሩ፣ አባቴ» አለ። «ክብሪቴ በጤዛ ራሰብኝ። ውሃ ላሞቅ ነበር።»

የቀድሞው ጠባቂ ከላይ እስከ ታች ተመለከተው። የአርባ አንድ ዓመቱ ቃል አፉ ላይ መጣ። እህቱ የተኛችበት ክፍል በር ገርበብ ብሏል።

ከደረጃው ሥር ጭራሮ አነሣ። ወጥቶ ከገበታው ለኮሰው። በመዳፉ ከነፋስ እየከለለ ወረደና አቀበለው።

«እጅህን ጠብቅ» አለው።